ዘይት ያልቀመሰ ጎማ

ጋሽ መርፌን የማያውቅ ሰው ቅጽል ስሙ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ የወጣለት ይመስለዋል። አይደለም። ሰውየው ራሱ መርፌ ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ግንባሩ ላይ ቀዳዳ ቢኖረው ክር የሚገባበት። ሚስቱን ድምቡሽ እንላታለን። ለምን እንደሆነ ያያት አይጠይቅም። እሷም ስሙን አትጠላውም። "ባሌ አልጋው ላይ ቦታ አይዝም፤ የሱንም ድርሻ የምሞላው እኔ ነኝ" ትላለች።

እኔ የሱቁ ጎረቤት ነኝ። ልብስ አጥቤ እተኩሳለሁ። በእኔ ቤትና በእሱ ሱቅ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ምስጢር መያዝ አልፈጠረበትም።

እነዚህ ባልና ሚስት ሳሎናቸው ውስጥ አንድ የሰርግ ፎቶ ሰቅለዋል። ድምቡሽ በነጭ ቬሎ እየተሽከረከረች ትስቃለች። ወገቧን ይዞ የሚያሽከረክራት ትከሻው የበር ያህል የሰፋ ጎረምሳ ነው። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶውን ያይና፣ "ወይ ጋሼ! በወጣትነትዎ እንዴት ያሉ ሸበላ ነበሩ!" ይላል። ጋሽ መርፌ ሳል ይይዘዋል።

"እሱ ወንድሜ ነው" ትላለች ድምቡሽ። "ሙሽራው ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ነው። የመጋረጃ ዘንግ አይደለም፤ ቀረብ ብላችሁ እዩት።"

እንግዳው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፎቶውን አንድ ጊዜ ቀና ብላ ታየዋለች። እኔ ይህን ስታደርግ አያታለሁ። በሰርጋቸው ዕለት ሙሽራው "ጫማዬ ጠበበኝ" ብሎ አልደንስም አለ። ይኸው ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ አድርሰው፣ ጫማው እስከዛሬ አልሰፋለትም።

ዘንድሮ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ከሽርጉዱ በፊት እናትና አባቷ አንድ ቀን ይዝናኑ ብላ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠችላቸው፤ ሙዚቀኛ ታበቅላለች ወደምትባለዋ ከተማ፣ በጠዋት ሄደው በዚያው ቀን እንዲመለሱ። ድምቡሽ ትኬቱን እንዳየች ሱቅ ድረስ መጥታ ተናገረች። ግድግዳው አንድም ቃል አልዋጠም።

"ስማኝ አንተ ሰውዬ። ልጃችን ሰርግ ላይ አባትና እናት መሃል ወጥተው ይደንሳሉ። አሁንም ጫማዬ ጠበበኝ የምትል ከሆነ ከወዲሁ ንገረኝ፤ ወንድሜ ሸሚዙን ያስተኩስ።"

"ማን ጠበበኝ አለ?"

"እሱን እናያለን። እዚያ ከተማ ከደነስክልኝ ሰርጉም ላይ ትደንሳለህ። ድንጋዩ ሳይቀር በሚዘፍንበት አገር ካልደነስክ ግን የትም አትደንስም፤ እኔም ከወንድሜ ጋር እወጣለሁ። ሁለተኛ ፎቶ እሰቅላለሁ። አንተም ሁለተኛ ግድግዳ ትደገፋለህ።"

የጋሽ መርፌ መቀስ ቀጭ አለ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሱቁ አመሻሽ ላይ ከውስጥ ይቀረቀር ጀመር። ሬዲዮው ላይ የዜና መግቢያ ከመድረሱ በፊት የሚያሰሙት ቀስ ያለ ሙዚቃ አለ። እሱ ሲጀምር ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ ይነሳል፦ ሲጥ… ሲጥ ሲጥ። ሲጥ… ሲጥ ሲጥ። መጀመሪያ አይጥ መሰለኝ። አይጥ ግን ሙዚቃ ጠብቃ አትጮህም። አንድ ምሽት የተተኮሰ ሱሪ ላደርስ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ ባይ፣ ጋሽ መርፌ ሴት አቅፎ ይደንሳል!

ሴትየዋ ጭንቅላት የላትም። እጅም የላትም። ቀሚስ የሚያለብሳት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ናት፤ እሱ "ወይዘሪት" ይላታል። አንገቷ ላይ የእንጨት እንቡጥ አለ፣ ከስሯ ደግሞ ባለ ሦስት ጎማ ዘንግ። አንደኛው ጎማ ነው ሲጥ የሚለው። እሱ እንቡጧን ጨብጦ፣ ወገቧን ይዞ ይነዳታል፤ እሷም እሺ ብላ ትነዳለች። እንዲህ ያለች ታዛዥ ሴት በሰፈራችን ታይታ አትታወቅም።

በማግስቱ፣ "ጋሽ መርፌ፣ የማሽን ዘይት እጅህ ላይ እያለ ያንን ጎማ ምነው ጠብ ብታደርግለት?" አልኩት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ለሚስቴ እንዳትነግሪያት፣ እህቴ።"

"ስለ ጎማው?"

"ስለ ሁሉም!"

አልነገርኩም። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህንን አያምኑም፤ ግን አልነገርኩም። እሱም ዘይቱን ረሳው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በዓይኔ አላየሁትም። በጉዞው ማግስት ሁለቱም ቤቴ ተቀምጠው፣ እየተነጣጠቁ ነው የነገሩኝ። እሱ የዘለለውን እሷ መለሰችው፣ እሷ ያጋነነችውን እሱ ሊቀንስ ሞከረ። እኔ ያጋነነችውን መርጫለሁ።

ሲሄዱ ድምቡሽ እሱ የሰፋላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጋሽ መርፌ ጥቁር ሱፉን። አንገቱ ላይ ግን የልብስ መለኪያ ሜትሩ ተንጠልጥሏል። ሜትሩ ከአንገቱ የሚወርደው ሊተኛ ሲል ብቻ ስለሆነ እሱ ትዝ አላለውም። እሷም አላስተዋለችውም፤ ሌላዋ ሴት የባሏን ከረባት ስታይ እንደኖረች፣ እሷ ሜትር ስታይ ነው የኖረችው።

ከተማዋ መዝፈን የምትጀምረው ከመናኸሪያው ነው። ከአውቶቡሱ እንደወረዱ አንድ ሰው አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ይጫወታል። ከፎቅ መስኮት ፒያኖ የምትለማመድ ልጅ አንዷን ቦታ እየሳተች ደጋግማ ትመለሳለች። የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ እንኳ ለድምቡሽ ዜማ ያለው መሰላት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወረወረችና አኮርዲዮኑ ፊት እጇን ዘረጋች።

"በል፣ ና።"

ጋሽ መርፌ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። "እዚህ አይደለም" አለና መንገዱን ቀጠለ።

እሱ የሚያውቀው አንድ ዘፈን ነው፣ የሬዲዮውን። ስሙን አያውቀውም። ሌላ ዘፈን ቢመጣበት በየትኛው እግሩ እንደሚጀምር ግራ ነው የሚገባው። ስለዚህ የራሱን ዘፈን ፍለጋ ከጥግ ጥግ ይከንፋል። እሷ ደግሞ ከዳንስ የሚሸሽ መሰላት። እሱ ወደ ዳንሱ ይሮጣል፣ እሷ የሚያመልጥ መስሏት ታባርረዋለች። ከተማውን በዚህ አኳኋን ነው የጎበኙት።

ቫዮሊን የሚሠሩበት መንገድ ላይ አንድ ሠሪ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ እንጨት ይፍቃል። ጋሽ መርፌ ሚስቱ የሱቁን መስታወት ስታይ ጠብቆ ወደ ሰውየው ጆሮ ጠጋ አለ።

"ወንድሜ፣ ይህንን ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ታውቃለህ? ም… ምም ምም… ም…"

ሠሪው መሮውን አስቀመጠ። "ይድገሙልኝ አባባ።"

ደገመለት። ሠለሰለት።

"አባባ፣ ሦስት ጊዜ አንጎራጎሩ፣ ሦስቱም ሌላ ሌላ ዘፈን ነው። የመጨረሻው እንኳ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያሰማው ነው የመሰለኝ።"

"ምን እያለህ ነው?" አለች ድምቡሽ ከኋላ መጥታ።

"መንገድ ጠይቄው ነው።"

"በማንጎራጎር?"

ከዚያ አንድ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ የኖረበትን ቤት አዩ። አስጎብኚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ታላቁ ሰው አብዛኛውን ዜማ የደረሱት በዚህ አልጋ ላይ ተጋድመው ነው" አለቻቸው።

"ሚስታቸው ምን ይሉ ነበር?" አለች ድምቡሽ።

"ታሪክ አልመዘገበውም፣ እትዬ።"

"እኔ ልመዝግብልሽ። 'ተነሥና አንሶላውን ልቀይርበት' ነው የሚሉት።"

አስጎብኚዋ ታላቁን ሰው ረስታ እንደ ሕፃን ተንከተከተች። ጋሽ መርፌ ግን አልጋው አጠገብ የለም። በጓሮ በኩል ዋሽንት የሰማ መስሎት ሄዷል። የሰማው የውሃ ቧንቧ ነበር።

ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ጋ ሲደርሱ በሩ ላይ "ልምምድ ላይ ነን፣ መግባት አይቻልም" የሚል ተለጥፏል። ዘበኛው ጋሽ መርፌን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ዓይኑ አንገቱ ላይ ቆመ።

"እንዴ፣ መጣችሁ? ጠዋት ነበር እኮ የጠበቅናችሁ! ግቡ፣ ግቡ፣ መጋረጃው በዚህ በኩል ነው።"

ጋሽ መርፌ "የምን መጋረጃ?" ሊል አፉን ከፈተ። ድምቡሽ ያኔ ገና ሜትሩን አየችው። ነገሩ ገባትና በክርኗ ጎሸመችው። "አዎ፣ መጋረጃው" አለች። "እኔ ረዳቱ ነኝ።"

በጨለማ መተላለፊያ ተወስደው፣ ደረጃ ወጥተው፣ አንድ ከባድ ጨርቅ ገልጠው ሲያልፉ፣ መድረክ ላይ ናቸው! ፊት ለፊታቸው የተደረደሩ ባዶ ወንበሮች፣ ከጎናቸው ቫዮሊኑን አገጩ ስር የወሸቀ ሁሉ ቀስቱን እንደያዘ ዞሮ ያያቸዋል። የሙዚቃ መሪው ዘንጉን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

"መጋረጃ ለኪዎች ነን፤ እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ" አለች ድምቡሽ፣ የሜትሩን ጫፍ ይዛ እየራቀች። ልቧ በደስታ ከበሮ ይመታል። እንደ ልጅነቷ ከጎረቤት ዛፍ ፍሬ የምትሰርቅ መሰላት። ጋሽ መርፌ ግን ሥራ ሲያይ ራሱን የሚረሳ ሰው ነው። መጋረጃውን ከልቡ ለካው። ጠርዙን ገለበጠ፣ ከንፈሩን መጠጠ። "ማን ነው ይህንን እንዲህ ያጠፈው? ዘቅዝቆ እኮ ነው የሰፋው!" አለ ጮክ ብሎ። አዳራሹ ድምፁን ተቀብሎ እስከ ጣሪያው አስተጋባለት። በዚያ አዳራሽ ድምፁን ያሰማ የሰፈራችን ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሙዚቀኞቹ ሲጀምሩ ድምቡሽ የሜትሩን ጫፍ ይዛ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ዓይኗን ጨፈነች። "እዚህ" አለችው በሹክሹክታ። "ማንም አያየንም። እዚህ ደንስልኝ።"

አዳመጠ። የእሱ ዘፈን አይደለም። "እዚህም አይደለም፣ ድምቡሼ።"

እሷ የሜትሩን ጫፍ ለቀቀችው። የተወጠረው ሜትር ተስፈነጠረና አፍንጫውን መታው።

የከተማዋ ዋና አደባባይ ሲደርሱ ድምቡሽ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። አደባባዩ መሃል ጥሩምባ፣ ከበሮና ጊታር የያዙ ሰዎች ይጫወታሉ፤ ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይደንሳል። እሷ አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ ስትስቅ የዋለችው ሴትዮ እግሯን ታሽ ጀመር።

"የአውቶቡሱ ሰዓት እየደረሰ ነው" አለች። "ወንድሜ ጋ እደውላለሁ። ምንም አይደለም። መልካም ቀን ነበር፤ መጋረጃውንም ለካን።"

ያኔ ነው ተጫዋቾቹ ዘፈን የቀየሩት። ጋሽ መርፌ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። የራሱ ዘፈን ነው! ያው የሬዲዮው!

"ድምቡሼ! ተነሺ! ይኸው! እሱ ነው!"

"ምኑ?"

"ተነሺ ብቻ!"

እጇን ጎትቶ፣ ጫማዋን ሳታደርግ፣ መሃል ወሰዳት። ወገቧን ያዘ። ደረቱን ነፋ። ዘፈኑ ይፈሳል። ጋሽ መርፌ ቆመ። አሁንም ቆመ። እግሩ አልተነሣም። ምስማር የመቱበት ይመስል ከድንጋዩ ጋር ተጣበቀ። የቀረ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ዘፈኑ ግን ባዶ ሆነበት፣ አዝራር እንደሌለው ኮት።

"ምነው?" አለች።

"ቆይ…"

"ጫማህ ጠበበህ?"

ላቡ በጆሮው ግንድ ወረደ። ይህንን ሁሉ ሲያዩ የቆዩ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ጠጋ አሉና ኮፍያቸውን አነሡ። "እመቤቴ፣ ጌታዬ ደክሟቸው ከሆነ፣ እኔ አንዲት ዙር ብቻ?"

ድምቡሽ ባሏን አየችው። ግድግዳ ቢኖር ይደገፈው ነበር። ከዚያ ሽማግሌውን አየች። እጇን ቀስ ብላ ከባሏ ትከሻ ልታነሣ ጀመረች።

ሲጥ።

ጋሽ መርፌ ቀና አለ።

ሲጥ… ሲጥ ሲጥ።

ከአደባባዩ ጥግ አንድ አይስክሬም ሻጭ ጋሪውን እየገፋ ይመጣል። የፊተኛው ጎማ ዘይት ከቀመሰ ዘመን ሆኖታል። ሲጥ… ሲጥ ሲጥ። የጋሽ መርፌ ግራ እግር ብቻዋን ተነሣች። ቀኟ ተከተለቻት። ለካስ እግሩ የተማረው ዘፈኑን ሳይሆን የወይዘሪትን ጎማ ነው!

"ሄድኩ!" ብሎ ጮኸ። "ድምቡሼ፣ ሄድኩልሽ!"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ሻጩ ግን ሰዎቹን ሊያሳልፍ ብሎ ቆመ፤ ጎማው ዝም ሲል ጋሽ መርፌም ደረቀ።

"አትቁም ወንድሜ! ግፋ!"

"ወዴት ልግፋ?"

"ወደዚያ! ከዚያ ደግሞ ወደዚህ!"

"አይስክሬሙ ይቀልጣል እኮ፣ ጌታዬ!"

"ይቅለጥ!" አሉ ሽማግሌው ጣልቃ ገብተው። "ሰውየው እየደነሰ ነው፣ አታይም?"

ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ ይገፋ ጀመር። ወደዚያ፣ ወደዚህ። ከበሮ መቺው ሳቅ አፍኖት የራሱን ምት ትቶ የጋሪውን ተከተለ። ጥሩምባውም ገባበት። አደባባዩ ሁሉ በአንድ የዛገ ጎማ መሪነት ይደንስ ጀመር።

ስለ ዳንሱ ግን ከተናገርኩ አይቀር እውነቱን ልናገር። ጋሽ መርፌ በግራ እጁ ወገቧን ያዘ፤ በቀኝ እጁ ደግሞ ማጅራቷን ጨመደደ።

"አንገቴን ምን አደረግከው?"

"እዚህ ጋ ነው የሚያዘው!"

"የማን?"

እሱ ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ሊነዳት እየሞከረ ነው። እሷ አልነዳ አለች። ባዶ እግሯን ረገጠው። "ኧረ እግሬን!"

"ይቅርታ! ወይዘሪት እግር የላትም እኮ!"

ድምቡሽ ቀጥ አለች። "ወይዘሪት ማናት?"

ከበሮው ቆመ። ጥሩምባው ቆመ። ጋሪው ብቻ አንዲት ሲጥ ጨመረ።

"አሻንጉሊቷ ናት!" አለ ጋሽ መርፌ እያለከለከ። "ሱቅ ያለችው። ጭንቅላት የሌላት! አንቺ ያን ዕለት ከተናገርሽኝ ጀምሮ በየምሽቱ ከሷ ጋር ስለማመድ ነው የቆየሁት። ጎማዋ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ የምፈልገው የራሴን ዘፈን ነበር። የምሸሽ መሰለሽ እንጂ ስፈልግ ነበር የዋልኩት።"

ድምቡሽ አየችው። ሳቋ ከሆዷ ነው የተነሣው፤ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ መቆም ስላቃታት ቢጫ ቀሚሷን ዘርግታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ለኔ ብለህ? ከዚያች ደረቅ ጋር?"

"ለማን ብዬ ታዲያ? ወንድምሽ ሸሚዙን በከንቱ እንዳያስተኩስ ብዬ ነው።"

እጇን ዘረጋችለት። ጎትቶ አነሣት፤ እሷ ከእሱ ስለምትከብድ ሁለቱም ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። "ማጅራቴን ልቀቅ" አለችው። "እጄን ያዝ። እኔ እጅ አለኝ። ግፋ አንተ ባለጋሪ!"

እንደገና ደነሱ። ስልኳን ለባለኮፍያው ሽማግሌ ሰጠቻቸው። "አባባ፣ ፎቶ ያንሡን። ለግድግዳዬ ነው፤ አደራ!" ሽማግሌው አነሡ። ሲስቁ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሁሉም የቀለጠ አይስክሬም በብርጭቆ ጠጣ፤ አውቶቡሱም ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ነው የደረሱበት፣ እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

ፎቶውን አሁን አሳትመው ከድሮው ጎን ሰቅለውታል። ሽማግሌው ሁለቱንም ከአንገታቸው በላይ ቆርጠዋቸዋል። ቢጫ ቀሚስ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ሜትር፣ ባዶ እግሯ ላይ የቆመ የወንድ ጫማ። ጭንቅላት የሚባል የለም።

ትናንት አንዲት እንግዳ አየችውና፣ "እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?" አለች።

"ባሌ ነዋ!" አለች ድምቡሽ ቀልጠፍ ብላ። "አታውቂውም? እግሬን እየረገጠ ያለው እሱ ነው።"

ጋሽ መርፌ አልሳለም።

እኔማ፣ የልጅቱ ሰርግ እስኪደርስ አዲስ ሥራ አግኝቻለሁ። ከጉዞው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ድምቡሽ ነጠላዋ ስር አንድ ነገር ደብቃ መጣች። የማሽን ዘይቱ ቆርቆሮ ነው።

"ይህን ከካውያሽ ኋላ ደብቂልኝ" አለችኝ። "ቢጠይቅሽ አላየሁም በይው። ወይዘሪትን የሰርጉ አዳራሽ ጥግ ላይ እናቆማታለን፤ የሚገፋትም ሰው አዘጋጅቻለሁ፤ ወንድሜ ነው።"

ደበቅኩላት። አሁን የስፌት ማሽኑም ዘይት ስላጣ መጮህ ጀምሯል፤ ጋሽ መርፌ በየሰዓቱ እየመጣ፣ "እህቴ፣ ያን ቆርቆሮ አላየሽም?" ይለኛል። "አላየሁም" እለዋለሁ። ተመልሶ ይቀመጥና ይሰፋል። ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ሲጥ ይላል፤ እኔም ሳላውቀው ካውያዬን ሸሚዙ ላይ ወደዚያ፣ ወደዚህ እገፋለሁ።